ኡቡንቱና ዴቢያንን ያስታረቁት ሽማግሌ

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከእህታችሁ ባል ጋር በምን ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? በቅርጫ ሥጋ? ክርስትና ተጠርታችሁ በመቅረት? በሠርግ ላይ በወጣች አንዲት ቃል? ይሄ ሁሉ ደንበኛ ጠብ ነው። ለሰው ቢያወሩት ሰው ይገባዋል። እኔ ግን ከታናሽ እህቴ ከይታይሽ ባል ጋር የተጣላሁት ኮምፒውተር ላይ በሚጫን ነገር ነው። እናቴ የጠቡን ምክንያት ስትጠይቀኝ አስረድቼ አስረድቼ ሲያቅተኝ፣ «በቃ ሰድቦኝ ነው» ብዬ ተገላገልኩ።

እኔ የውቤ እባላለሁ፤ እንጅባራ የአይሲቲ መምህርት ነኝ። የአይሲቲ መምህርት ሥራዋ ኮምፒውተር ማስተማር ይመስላችኋል አይደል? የሒሳብ መምህሩ ስልኩ ሲቆለፍበት እኔ ጋ ይመጣል። ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክ እኔ እጠራለሁ። አንዴማ የቢሮው የግድግዳ ሰዓት ቆሞ፣ ከክፍል አስወጥተው ባትሪ እንድቀይር አድርገውኛል። ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ነው። ሽቦ አጥሩን ራሱ አንድ ቀን እይው ማለታቸው አይቀርም።

የኮምፒውተር ክፍላችን በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት ነው። በላያቸው ያለው ዊንዶውስ ቫይረስ ጨርሶታል። አንዱን ስታበሩት እስኪነሳ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ፍላሽ ከሰካችሁበት ደግሞ ፋይላችሁ በሙሉ የማይከፈት ሾርትከት ሆኖ ይወጣል። መምህራኑ ይህን ስለሚያውቁ በዚያ በር ሲያልፉ ኪሳቸውን ይዘው ነው።

ይሄ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር እየሆነ ነው። ተማሪዎቼ ደግሞ ብዙዎቹ ከዘንገና በኩል፣ ከግምጃ ቤት በኩል መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገበሬ ልጆች ናቸው። ማውስ ይዘው አያውቁም። አስናቀች የምትባል ጎበዝ ልጅ አለችኝ፤ በወረቀት ከሆነ የሚስተካከላት የለም። ማውሱን ወደ ላይ ውሰጂው ስላት ከጠረጴዛው አንስታ ወደ ጣሪያው ዘረጋችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን እራቴን እየበላሁ ይህች ልጅ በፈተናው ቀን ምን ልትሆን ነው ብዬ አሰብኩና ሳህኑን ገፋሁት።

ይባስ ብሎ ከበላይ ቢሮ ወሬ መጣ። አገልግሎት የማይሰጡ ኮምፒውተሮች ወደሚያስፈልጋቸው ትምህርት ቤቶች ይዛወራሉ አሉ። የሱፐርቪዥን ቡድን መጥቶ ያያል፤ የቆመውን ጭኖ ይሄዳል። የሚያስፈልጋቸው ማለት የት ነው ብለን ስንጠይቅ፣ ዳንግላ ነው ተባለ። እንጅባራና ዳንግላን የማታውቁ ካላችሁ፣ የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ነው። ዳንግላዎች ይህን እስካሁን የሰሙ አይመስሉም። እና ርዕሰ መምህራችን አቶ ደሳለኝ ይህን ወሬ ሲሰሙ እንደ ታመመ ሰው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

መፍትሔ አለኝ፣ ሊኑክስ እንጭናለን አልኳቸው። ሊኑክስ ማለት በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው። በነጻ ይገኛል። እኛን ያስለቀሱን ቫይረሶች አያውቁትም። አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። ታዲያ ምን ጎደለው ትሉኛላችሁ። የጎደለው ነገር የለም፤ መብዛቱ ነው ችግሩ። ሊኑክስ የሚባል አንድ ነገር ቢኖር እኔም ዛሬ ጨጓራዬን አልታመምም ነበር። ኡቡንቱ አለ፣ ዴቢያን አለ፣ ሚንት አለ፣ ፌዶራ አለ፤ ስሙን ሰምታችሁ የመድኃኒት የሚመስላችሁ ስንት አለ። እያንዳንዱ ደጋፊ አለው። ኢንተርኔት ላይ ገብታችሁ «ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። የሚመልስላችሁ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ጥያቄያችሁ ስህተት መሆኑን ነው። ከዚያ እርስ በርሳቸው መሰዳደብ ይጀምራሉ፣ እናንተን ይረሷችኋል።

እኔ ኡቡንቱን መረጥኩ። ለልጆቹ ይገባል፣ አማርኛ መጻፊያው አያስቸግርም፣ አንድ ነገር ቢበላሽ የሚረዳ ሰው በየቦታው አለ። ነገሩ አለቀ። ግን መጀመሪያ ፋይሉን ማውረድ ነበረብኝ። ፋይሉ ትልቅ ነው፤ የእኛን ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ወርዶ ወርዶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ይቋረጣል፤ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ አስፋልቱን ወዲያና ወዲህ ስል የሠፈሩ ሰው ሐዘን የደረሰብኝ መስሎት ቆሞ ያየኝ ነበር።

ስለዚህ ሙሉቀን ጋ ደወልኩ። ሙሉቀን የይታይሽ ባል ነው። ዳንግላ አንድ ኮሌጅ ውስጥ በኮምፒውተር ሙያ ይሠራል፤ ኔትወርካቸው ደህና ነው። ሙሉቀን ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምለውን ስለማውቅ ነው።

ኡቡንቱን አውርድልኝ አልኩት። ምን ችግር አለ እታለም፣ በፍላሽ አድርጌ በሚኒባስ እልክልሻለሁ አለኝ። እታለም የሚለኝ ወይ ሲያከብረኝ ወይ ሊያታልለኝ ሲል ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። ፍላሹ በማግስቱ መጣ። መናኸሪያ ሄጄ ስንቱን ረዳት ጠይቄ ተቀበልኩ። ይታይሽ ከላከችልኝ በርበሬ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አብረው ከተውታል። አራግፌ፣ በጨርቅ ጠርጌ ሰካሁት። መጀመሪያ አስነጠሰኝ። ቀጥሎ ስክሪኑ በራና ዴቢያን የሚል ጽሑፍ አየሁ።

ደወልኩ። ተሳስተህ ይሆናል አልኩት፣ በቅን ልቤ። አልተሳሳትኩም አለኝ። ለአንቺ ብዬ ነው፤ ኡቡንቱ ለአሮጌ ማሽን ይከብዳል፣ ዴቢያን ግን የጸና ነው፣ አንዴ ከጫንሽው አይነቃነቅም አለ። አሁን ይሄን ምን ትሉታላችሁ? ስኳር ግዛልኝ ብላችሁ የላካችሁት ሰው ማር ይዞ መጥቶ፣ ማር ለጤናሽ ይሻላል ቢላችሁ? ማሩን ትበሉታላችሁ? እኔ አልበላሁም። ደሜ ፈላ።

ቅዳሜ ራሱ መጣ። ላፕቶፑን፣ ሌሎች ፍላሾችንና ያንን የማይበገር ፈገግታውን ይዞ። ተነጋግረን እንስማማለን ብሎ ነው አሉ የመጣው። መነጋገሩስ ተነጋገርን። እሱ በአንዱ ኮምፒውተር ዴቢያን ጫነ፣ እኔ በሌላው ኡቡንቱ ጀመርኩ። የእኔ ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሙሉቀን ራሱን ነቅንቆ፣ አየሽ አይደል አለኝ። ምኑን ነው የማየው? ዴቢያን የራሱን ጄኔሬተር ይዞ ነው እንዴ የሚመጣው?

መብራቱ ተመለሰ። እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ የጫነውን አጥፍቼ የኔን ጫንኩበት። እኔ ቢሮ ስጠራ እሱ የኔን አጥፍቶ የራሱን ጫነ። ዝም ብለን እየተፈራረቅን፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እያለፍን፣ የምስኪኖቹን ዲስክ ስንፍቅ ዋልን። የጥበቃ ሠራተኛው በር ሊዘጋ ሲመጣ፣ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች አንድም የሚነሳ አልነበረም። ጠዋት ስንገባ ቢያንስ ቫይረሱ ነበረ።

ሙሉቀን ሳይሰናበተኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ይታይሽ ስልኬን አታነሳም። የሱፐርቪዥኑ ቀን ቀረበ። አቶ ደሳለኝ በኮምፒውተር ክፍሉ መስኮት ተንጠራርተው የጨለመውን ስክሪን ሲያዩ አንጀቴን ይበሉታል። እና ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ባለሙያ ጠሩ? ከባሕር ዳር ቴክኒሻን አስመጡ? አቶ ደሳለኝ የኬሚስትሪ ምሩቅ ናቸው፤ ግን ደግሞ የዚህ አገር ሰው ናቸው። ሁለት ሰው ከተጣላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይጠራል። እሳቸውም ጠሩ።

የመጡት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው አያ ቢተው ናቸው። ከዘንገና በፈረስ ነው የመጡት። አያ ቢተው ያላስታረቁት የለም። ድንበር የተገፋፋ አስታርቀዋል፣ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ደም የተቃባ አስታርቀዋል። ለሽምግልና ሲጠሩ ፈረሳቸውን አስጊጠው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ነው የሚመጡት። ፈረሱን ከትምህርት ቤቱ አጥር አሰሩና፣ አያ ካሴ ከሚባሉ ጓደኛቸው ጋር ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ገቡ። ዙሪያውን አዩ። ከዚያ፣ ሰው የተጣላባቸው ከብቶች ፊት አይሸመገልም፣ ወደ ውጭ እንውጣ አሉ። አግዳሚ ወንበር ተሸክመን ወጣን። ሙሉቀንም ተጠርቶ ከዳንግላ መጥቶ ነበር። በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላ ወገን እኔ ተቀመጥን።

«እንግዲህ የውቤ» አሉኝ አያ ቢተው፣ «ይሄ የምትጣሉበት ነገር ዘሩ ከወዴት ነው?»

ዘር የለውም አባቴ፣ ፕሮግራም ነው አልኳቸው። ዘር የሌለው ነገር የለም አሉኝ። እውነትም አሰብኩና፣ ኡቡንቱ የተሠራው ከዴቢያን ተነስቶ መሆኑን ነገርኳቸው። ይህን ባልተናገርኩ። ሙሉቀን ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ሰማችሁ አይደል? ከዴቢያን ነው የወጣው።»

«ቆይ አንተ» አሉት አያ ቢተው። ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያ አንቺ የያዝሽው፣ እሱ ከያዘው የተወለደ ልጅ ነው?»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«እናቲቱ በሕይወት አለች?»

«አለች እንጂ፤ እስካሁን ትሠራለች» አለ ሙሉቀን።

አያ ቢተው ወደ አያ ካሴ ዘወር ብለው በአገውኛ ረዘም ያለ ነገር ተነጋገሩ። ሙሉቀን አገውኛ አይሰማም። ፊቱ ተለዋወጠ። ጠጋ ብሎ፣ ለአንቺ እየፈረዱ ነው እንዴ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። እኔ እሰማለሁ። የሚያወሩት የአያ ካሴ ባዝራ ስለ ወለደችው ውርንጭላ ነበር፤ መልኩ ቡላ ነው ወይስ ዳማ ይሆናል እያሉ ነው። ዝም አልኩት። በጭንቅ ላይ ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፍርዱን ተናገሩ። እናትና ልጅ አይጣሉም፣ ያጣላችኋቸው እናንተ ናችሁ አሉ። ስለዚህ በመስኮቱ በኩል ያሉት እናቲቱን ይጫኑ፣ በበሩ በኩል ያሉት ልጅቱን። ማንም አሸነፈ አይባልም፣ ማንም ተሸነፈ አይባልም። አቶ ደሳለኝ እጃቸውን እያሻሹ፣ ተባረኩ አሉ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። መሃል ላይ ያለው ኮምፒውተር ሰርቨር ሊሆን ነበር የታሰበው፤ ማለት ትምህርቱን በሆዱ ይዞ ለሌሎቹ በሙሉ የሚያድል ነው። እሱስ የማን ይሁን ብዬ ጠየቅኩ። አያ ቢተው ይህን አሰቡበት። ለሁሉም የሚያድል ከሆነማ ወገን ሊኖረው አይገባም፣ እሱ እንደነበረ ይቆይ አሉ። እንደነበረ ማለት እኮ ያ በቫይረስ የተጨማለቀ ዊንዶውስ ተመልሶ ይጫንበት ማለት ነው። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ከዘንገና ድረስ ለእርቅ ብሎ በፈረስ የመጣን ሽማግሌ እንዴት አድርጋችሁ ነው ተሳሳቱ የምትሉት? እናንተ ብትችሉ እኔ አልቻልኩም። ሙሉቀንና እኔ ተነስተን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። አያ ቢተው መረቁን፤ ወደ ክፍሉ ዘወር ብለው ኮምፒውተሮቹንም መረቁ። አሜን አልን።

ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ሥራው አማረ። ሙሉቀን በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል፣ ማንም የማንንም ሳይነካ ጫንን። ሁሉም ተነሳ። ልጆቹ ገቡ። ታዲያ ሁለት ሠፈር ሆኑ፤ የመስኮት ልጆችና የበር ልጆች ተባባሉ። የመስኮት ልጅ በር በኩል ሲቀመጥ ፋይሉን የት እንደሚያስቀምጥ ይጠፋዋል። ከገለልተኛው ኮምፒውተር አጠገብ ማንም አይቀመጥም። ቢሆንም እየለመዱ ሄዱ። አንድ ቀን አስናቀች ማውሱን ከጠረጴዛው ሳታነሳ፣ ስሟን ከነአባቷ በአማርኛ ጽፋ፣ ዞር ብላ አየችኝ። በዚያች ሰዓት ሙሉቀንንም፣ በርበሬውንም፣ ሁሉንም ይቅር ብዬ ነበር።

ከዚያ ሱፐርቪዥኑ መጣ። የቡድኑ መሪ ኮታቸውን የቆለፉ ሰው ናቸው። አንዱን አስነሱት፣ ተነሳ። ሌላውን አስነሱት፣ ተነሳ። ደስ አላቸው። እንዲህ የሚሠራ ክፍል አላየንም አሉ። አቶ ደሳለኝ ፊታቸው በራ። እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት? መሪው ግን፣ ይሄኛውና ያኛው ለምን አይመሳሰሉም ብለው ጠየቁ። አቶ ደሳለኝ በኩራት ሽምግልናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩላቸው። እናትና ልጅ እስከሚለው ድረስ።

መሪው በጥሞና ሰሙ። ከዚያ፣ ወጥነት የለውም አሉ። አንድ ትምህርት ቤት በሁለት ዓይነት ሥርዓት ሊያስተምር አይችልም። የበሩ በኩል እዚሁ ይቆይ፤ የመስኮቱ በኩል የጫነው ባለሙያ ዳንግላ ስላለ ወደ ዳንግላ ይዛወር። እየሠራ እኮ ነው፣ የማይሠራው ነበር የሚዛወረው አልኳቸው። ልጆቹ እየተማሩበት ነው አልኳቸው። ስለሚሠራማ ነው፣ የማይሠራ ዕቃ ማን ጭኖ ይሄዳል አሉኝ። ቡድኑ በሄደ በማግስቱ አይሱዙ መጣና ግማሹን ክፍል ጫነ። የመስኮት ልጆች በመስኮቱ ቆመው አዩት። እንባዬ መጣ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ገለልተኛውን ኮምፒውተር ሹፌሩ ራሱ አልፈልግም አለ።

አያ ቢተው ይህን ሲሰሙ ለሽምግልና እንደሚመጡት አጊጠው መጡ፤ የሚሸመግሉት ግን አጡ። ባዶውን የመስኮት በኩል አይተው፣ እናትን ከልጅ የሚለይ ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በፍርዳቸው ላይ አንዳች እንከን እንደነበረበት በጭራሽ አልታያቸውም። እኔም አላሳየኋቸውም።

አሁን ልጆቹ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ተደራርበው ነው የሚቀመጡት። ማሽኖቹ ከጠዋት እስከ ማታ እረፍት የላቸውም፤ መንቀራፈፍ ጀመሩ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ዴቢያን ጫንኩባቸው። ሐሳቤን ለወጥኩ ማለት አይደለም። ለማሽኖቹ አዝኜ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ሙሉቀን ደወለ። ድምፁ ለስለስ ብሏል። እታለም አለኝ፣ ያ የተላከልን ኮምፒውተር ለዳንግላ ልጆች ትንሽ ከበዳቸው፣ እና ኡቡንቱ አደረግኩላቸው። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? አፌ ግን ቀደመኝ። ኡቡንቱ ለአሮጌ ማሽን አይከብድም ወይ አልኩት። ዴቢያን እኮ የጸና ነው፣ አንዴ ከጫንከው አይነቃነቅም አልኩት። እሱም ዝም ይላል? ለልጆች የሚገባው ኡቡንቱ ነው፣ ቢበላሽ የሚረዳ ሰው በየቦታው አለ ብሎ የራሴን ቃል መለሰልኝ። ሥራ ገበታ ላይ ተጯጯህን። ስልኩን ማን እንደዘጋው አልታወቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ ይታይሽ እንደገና አታነሳም።

ወሬው አቶ ደሳለኝ ጆሮ ገባ። እሳቸው ደግሞ ነገር በሆዳቸው አያድርም። ትናንት ከዘንገና መልእክት መጣ፤ የውቤና የዳንግላው ልጅ ዳግመኛ ተጣሉ የተባለው እውነት ከሆነ ፈረሱን ልጫን ወይ ይላሉ አያ ቢተው። መልእክተኛውን ከተማሪዎች የጠዋት ሰልፍ መሃል ወጥቼ፣ እስከ አጥሩ ሮጬ ያዝኩት። ታርቀናል በልልኝ አልኩት። ፍቅር በፍቅር ሆነናል በልልኝ፣ ባይሆን ዳንግላ ሄጄ የሙሉቀንን ጉልበት እስማለሁ። የቀረን ግማሽ ክፍል ነው፤ አንድ ጊዜ ደግመው ካስታረቁን ሩብ ይሆናል።